ቢጫው የፋይበር ዘንግ በሙቀት ይታጠፋል?

ጥያቄ፦ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። አንድ ደንበኛ፣ የመብራት መስመር ሠራተኞች የሚይዙትን ቢጫ መሰላል የሚመስል የፋይበር ግላስ ዘንግ አምጥቶ ጫፉን አሙቄ እንዳጥፍለት ጠየቀኝ። ይህ ዕቃ እንዴት ይመረታል? እንደ ብረትስ ሊታጠፍ ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይታጠፍም፤ ምክንያቱም ያለው በአመራረቱ ላይ ነው።

ዘዴው ፑልትሩዥን ይባላል። የአሉሚኒየም ፍሬም የሚወጣው የጋለው አሉሚኒየም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተገፍቶ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ተጎትቶ ነው። በመደርደሪያ ላይ ከተደረደሩ በርካታ ጥቅሎች የሚመጡ የመስታወት ክሮች እንደ ሸማኔ ድር ተወጥረው ፖሊስተርን ወይም ቪኒል ኤስተርን በመሰለ ፈሳሽ ሬዚን (ሲሞቅ በሚጠጥር ሙጫ መሰል ፕላስቲክ) ይነከራሉ፤ በወርዱ በኩልም ጥንካሬ እንዲኖር ክራቸው በየአቅጣጫው የተበተነ የፋይበር ምንጣፎች ይደረቡባቸዋል።

ዋናው ሥራ የሚከናወነው አንድ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የጋለ የብረት ሻጋታ ውስጥ ነው። ለፖሊስተር ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሆናል። ሬዚኑ ፈሳሽ ሆኖ ይገባል፣ መሐል ላይ ይረጋል፣ በዚያው ቅጽበትም የራሱን ሙቀት ስለሚያመነጭ የዘንጉ እምብርት ከሻጋታው ግድግዳ የበለጠ ሊግል ይችላል፤ በመጨረሻ ጥቂት ሲኮማተር ከግድግዳው ይላቀቅና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። አስቸጋሪው ነገር የፍጥነቱ ልክ ነው፤ ቢቸኩሉ ውስጡ ሳይደርቅ ይወጣል፣ ቢዘገዩ ሻጋታው ውስጥ ሊጣበቅና መስመሩን በሙሉ ሊያስቆም ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው፤ ሁለት መያዣዎች እየተፈራረቁ ይጎትቱታል፣ መጋዙም አብሮት እየተጓዘ በሚፈለገው ርዝመት ይቆርጠዋል።

እንግዲህ አንዴ የደረቀው ሬዚን ዳግመኛ አይቀልጥም። እሳት ሲያገኘው በመጠኑ ይለሰልስና ይከስላል፣ ይጨሳል፤ ቀጥ ብለው የተወጠሩት ክሮችም ለማጠፊያው የሚሆን መለጠጥ ስለሌላቸው ከሬዚኑ ይላቀቃሉ ወይም ይበጠሳሉ።

ሻጮች «ከብረት ይበልጣል» ሲሉ ይሰማል። በክብደት ልክ ሲለካ በርዝመቱ በኩል ጥንካሬው እውነት ነው፤ ክብደቱ የብረትን ሩብ ያህል ብቻ ነውና። ግትርነቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ኢኤን 13706 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ለእነዚህ ዘንጎች ያስቀመጣቸው ሁለት እርከኖች 17 እና 23 ጊጋ ፓስካል (የግትርነት መለኪያ) ሲሆኑ፣ የብረት 200 ገደማ ነው፤ ስለዚህ በቱቦላሬ ምትክ በዚያው ልክ ቢያስገቡት ጭነት ሲያርፍበት ይረግባል።

ማዕዘን ካስፈለገ ዘንጉን ቆርጠው ከዚያው ዓይነት በተሠራ አንግል፣ በኢፖክሲ ማጣበቂያና በብሎን ያገናኙት። ብሎኑ ከጠርዝ ይራቅ፣ ሰፊ ሮንዴላም ይኑረው፤ ክሮቹ በርዝመቱ ስለተሰለፉ ጠርዝ አጠገብ የተበሳ ቀዳዳ በቀላሉ ይሰነጠቃል። የሚቆርጡት በአልማዝ ዲስክ፣ አፍንጫዎንና ዓይንዎን ሸፍነው ይሁን፤ የተቆረጠውን ጫፍም እርጥበት እንዳይገባበት በሬዚን ይቀቡት። ያመጡልዎ ዘንግ በእርግጥ የመሰላል አካል ከሆነ ግን ቀዳዳም አይክፈቱበት፣ ብረትም አይግጠሙበት፤ ሸክሙን የሚችሉት እነዚያ ያልተቋረጡ ክሮች ናቸው፣ ሠራተኞቹም የሚመርጡት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው።