ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ

ጥገና የጀመረ አንድ ወጣት ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የላፕቶፕ ባትሪ ሽፋኑ ተፈልቅቆ ስድስቱ ሴሎች፣ ማለትም ውስጡ የተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች፣ ከነሽቦዎቻቸው ይታያሉ። ከሥሩ «ጋሼ፣ የሞቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እነሱን ብቻ ብቀይራቸውስ?» ብሎ ጽፏል።

መልሱ «አይሆንም» ነው። እሱን ጽፌ መተኛት እችል ነበር፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በ2001 ዓ.ም. ራሴን ጠይቄ «ምን ችግር አለው!» ብዬ ነበርና።

ያን ጊዜ ፒያሳ ትንሽ የጥገና ሱቅ ነበረችኝ። ዛሬ ሕንፃውም የለም። መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት ነው። ከቴፕና ከቴሌቪዥን ይልቅ የላፕቶፕ ባትሪ ይመጣብኝ ጀመር፤ መብራት ያጣ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? አንድ ቀን አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መጣች። ኮምፒውተሯ ከቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክብበት ቀን ተቃርቧል፣ አዲስ ባትሪ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

ከፈትኩት። ውስጡ ስድስት ክብ ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው። 18650 የሚባሉትም ከዚሁ ልክ ተነሥቶ ነው። ሁለት ሁለቱ ጎን ለጎን ይታሰሩና ሦስቱ ጥንዶች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ 3.7 ቮልት በሦስት ሲባዛ 11.1 ይሆናል። በቴስተር ስለካ ሁለቱ ጥንዶች 3.7 ገደማ አሳዩ፣ ሦስተኛው አንድ ቮልት እንኳ አልሞላም። በሽታውን ያገኘሁት መሰለኝ።

ለዚህ ስሕተቴ ጥቂቱን ተጠያቂ የማደርገው የአባቴን ሬዲዮ ነው። በልጅነታችን የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ በጥርሱ ነክሶ የሚያጎደጉደውም አልጠፋም። የዜና ሰዓት ሲደርስ አባቴ ከአራቱ ድንጋዮች በጣም የደከመውን አውጥቶ አንድ አዲስ ይጨምራል፣ ሬዲዮውም መናገር ይጀምራል። ከከፋ ድንጋዩ ይፈስና ሽቦውን ያዝገዋል፤ ከዚያ አያልፍም። ሙያውን ስጀምር ይዤው የገባሁት ይህንን ዕውቀት ነው።

ከሌላ የተጣለ ባትሪ ሁለት ደህና ሴሎች አወጣሁ። በጋለ መበየጃ ሊድ አቅልጬ አያያዝኳቸው፣ ሽፋኑን አጣበቅኩ፣ ኮምፒውተሩም ያለ ቻርጀር ተነሣ። 350 ብር ተቀበልኩና «ታድሷል» አልኳት። ስድስቱም የተቀየሩ መሰላት። እኔም እንደመሰላት ተውኳት።

በአምስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። መብራት ባልነበረበት ሌሊት ስትጽፍ አድራ፣ ስክሪኑ ላይ 38 በመቶ እያለ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሏል። በኋላ ስታስነሣው ፋይሉ አልከፈት አለ፤ የጥናቷ ዋና ምዕራፍ ነው። «ይሄ የሶፍትዌር ችግር ነው» አልኳት። አላበቃሁም፤ «ፍላሽ ላይ አትገለብጪም ነበር?» ብዬ ወቀስኳት። ባትሪውን ለምርመራ ትታልኝ «እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች።

መብራት ባለበት ቀን ባትሪውን ሞላሁት፣ ማታ ሱቁን ዘግቼ በመኪና አምፖል አራግፈው ጀመር። ሦስቱን ጥንዶች እየተመላለስኩ እለካለሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሮጌዎቹ ወደ 3 ቮልት ተንደረደሩ፣ የእኔዎቹ ገና 3.7 ላይ ናቸው። አምፖሉ ጠፋ። በተከታታይ በታሰሩ ሴሎች ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እኩል ነው፤ አቅም ያነሰው ቀድሞ ያልቃል፣ ባትሪው ውስጥ ያለው ጠባቂ ሰርኪዩት ደግሞ ለእሱ ሲል ሁሉንም ይዘጋል። መቶኛውን የሚናገረው ቺፕ የሴሉን ሆድ አያይም፤ የገባውንና የወጣውን ቆጥሮ ከያዘው ማስታወሻ ጋር ያመሳክራል። እኔ ሴሎቹን ስነካካ ማስታወሻው አልታረመም። የዚያ ሌሊት 38 በመቶ የእኔ እንጂ የኮምፒውተሩ ውሸት አልነበረም።

ስልኳ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። በዚያ ማታ አልደወልኩም። በማግስቱ ደንበኛ በዛብኝ፤ ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ባትሪውን ልትወስድ አልተመለሰችም፤ ሱቁን እስክለቅ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አታሳስቱ አልላችሁም፤ እሱን የማያውቅ ባትሪ አይክፈት። ስትቀይሩ ስድስቱንም ቀይሩ፤ አንድ ዓይነት፣ አቅማቸውም ተለክቶ የተቀራረበ ይሁን። ጎን ለጎን ከማሰራችሁ በፊት ቮልቴጃቸውን አስተካክሉ፣ አለበለዚያ አንዱ በሌላው ላይ በኃይል ይፈሳል። አቅሙን 9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል 18650 ካያችሁ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ፤ ምርጥ ከሚባሉት እንኳ ብዙዎቹ 3500 አካባቢ ናቸው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የከረመ ሴል ለማስነሣት አትሞክሩ። ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፣ ሲሞላ በማይገባው ቦታ ይጋገርና ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ውስጥ ለውስጥ ሊያገናኝ ይችላል። ከዚያ የሚመጣው እሳት ነው። የጋለ መበየጃም ሴል ላይ አታሳርፉ፤ የኒኬሉን ጥብጣብ በቅጽበት ነጥብ በነጥብ የሚበይድ ማሽን አለ። እኔ ለዓመታት አሳርፌያለሁ፤ ሱቄ ያልተቃጠለው በዕድል ነው።

የዛሬ ልጆች የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ቢላ ታነሣላችሁ። ሽፋን ሲፈለቀቅ ቢላ ሴል እንደሚወጋ ቪዲዮው ላይ አይታይም። ትዕግሥት የላችሁም እላለሁ፤ ግን ይህ ልጅ ከመንካቱ በፊት ጠየቀ፣ እኔ አርባ ዓመት ሞልቶኝ ማንንም አልጠየቅኩም። ስለዚህ የተናገርኩትን ግማሹን መልሻለሁ።

በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ውስጥ ያሉትን ጠፍጣፋና የተጣበቁ ሴሎች አትንኩ፤ ሙሉ ባትሪ ግዙ። እውነቱን ለመናገር፣ ክቦቹንም ቢሆን ሙሉውን ግዙ ባይ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት ኮምፒውተር ግን ባትሪው አምና በገዛ እጄ የታደሰ ነው፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪም ሳይሠራ ያረጃል፣ አንዴ ገዝቼ ከስሬያለሁ።

ለልጁ በመጨረሻ የላክሁለት መልስ ጥያቄ ነው፦ «የኮምፒውተሩ ባለቤት ስንት ሴል እንደምትቀይር ያውቃል?» አይቶታል፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።