መልስ፦ አዙሪት ውሃውን ይዞ ይዞራል እንጂ እንዴት ያደባልቀዋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳኸው። «የባሕር ጠረፍ ላይ ያለ አዙሪት (ትልቅ የውሃ ሽክርክሪት) የራሱን ውሃ ይዞ ከዞረ፣ ከውጭው ጋር መቼ ይደባለቃል?» ላልከው፣ ግማሹ ልክ ነው። መሃል ያለው ውሃ ብዙም ሳይነካ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ዋናው ጉድ ያለው ጠርዙ ላይ ነው።

የሶማሊያ ጠረፍን ታላቁን አዙሪት እንውሰድ። የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን (በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚቀይር) ነፋስ ከሰኔ ጀምሮ ሲበረታ እሱም ይጠነክራል። ስፋቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ያው ነፋስ የላዩን ውሃ ከጠረፉ ሲገፋው ከሥር ቀዝቃዛና ለፕላንክተን (በውሃው ለሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ምግብ የያዘ ውሃ ይወጣል። አዙሪቱ ደግሞ ይህን ውሃ ከዳር መንጭቆ ወደ ባሕሩ ይጎትተዋል። በሳተላይት ምስል ላይ ረጅም፣ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል።

ይሄ ግን ገና መለጠጥ ነው። ማኪያቶ ሲማሰል ወተቱ መጀመሪያ መስመር መስመር ይሠራ የለ? እንደዚያ ነው። መስመሩ በቀጠነ ቁጥር የሙቀትና የጨው ልዩነቱ ጠባብ ቦታ ላይ ይታጨቃል። የላይኛውና የታችኛው ውሃ በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ ደግሞ ድንበሩ ይናጋና ተርቡላንስ (የተመሰቃቀለ የውሃ እንቅስቃሴ) ይነሳል። ትልቁ ሽክርክሪት ወደ ትንሽ፣ ትንሹም ወደ ሚሊሜትር ይወርዳል። መጨረሻ ላይ በትክክል የሚያደባልቁት ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ናቸው።

ሳተላይት ይህን የመጨረሻውን ደረጃ አያየውም። ለዚህ ከመርከብ ቁልቁል የሚለቀቅ፣ ጥቃቅን የፍጥነት መዋዠቅን የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዚያ የሞንሱን ማዕበል መሃል ይህን መሥራት ደግሞ ቀልድ አይደለም።