በአንድ እንጀራ አንድ ሻት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምሠራው ባሕር ዳር ነው። እናቴ ያለችው ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ገጠር ነው። ለፋሲካ ስሄድ እንጀራ ስትጋግር በስልኬ ቀረጽኳት። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ 14 ደቂቃ ያህል ያዝኩ። ውጭ ላለው ወንድሜ ስልክለት «ቆንጆ ነው» አለኝ። ኋላ ስናወራ ግን አንዱን ደቂቃ እንኳ እንዳልጨረሰው ገባኝ። እኔም ደግሜ ሳየው ሰለቸኝ። እናቴ እኮ የምታሰለች ሰው አይደለችም! ችግሩ ስልኬ ነው? ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ እህትአለም፣ ካሜራ አትግዢ። ስልክሽ ይበቃል። ያሰለቸሽ የቆምሽበት ቦታ ነው። እናቱ ስትጋግር የደረሰ ልጅ በር ላይ ቆሞ አይቀርም። ይገባል፣ ጭሱን በእጁ እያባረረ ቁጢጥ ይላል። ሊጡን ያያል፣ እሳቱን ያያል፣ «ዛሬስ ዓይኑ እንዴት አምሯል!» ይላል፣ ቀና ብሎ ፊቷን ያያል። ቪዲዮሽ ግን 14 ደቂቃ ሙሉ ደጅ ቆሞ ቀረ። ወንድምሽም አብሮት ደጅ ቆመ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ፊልም ሠሪዎች አንዱን ነገር ከተለያየ ቦታ ለመያዝ ተዋናዩን «ድገመው፣ አሁንም ድገመው» እያሉ ያደክሙታል። አንቺ እናትሽን አንድ ጊዜም «ድገሚው» ማለት የለብሽም። ሥራው ራሱ ይደጋገማል። ከአንድ ቡሃቃ ሊጥ ሃያ እንጀራ ቢወጣ፣ ሃያ ጊዜ ምጣዱን ታስሳለች፣ ሃያ ጊዜ ታሰፋለች፣ ሃያ ጊዜ ትከድናለች፣ ሃያ ጊዜ ታወጣለች። ስለዚህ በአንድ እንጀራ አንድ ሻት ብቻ ያዢ። ሻት ማለት መቅረጽ ከጀመርሽ እስክታቆሚ ያለው አንድ ቁራጭ ነው። አክንባሎው ሲከደን ተነሺና ቦታ ቀይሪ።

በመጀመሪያው እንጀራ ራቅ በይ። ዋይድ ሻት የምንለው ይህ ነው። ማድ ቤቱ፣ ምድጃው፣ በጣራው የሚወጣው ጭስ፣ እናትሽ የት እንደተቀመጠች ይታይ። እስከ 10 ቁጠሪና አቁሚ። በሁለተኛው ጠጋ ብለሽ ከወገቧ በላይ ያዢያት። ሚዲየም ነው። እጇና ፊቷ አብረው ይገባሉ፣ ሥራውን የምንረዳውም ከዚህ ነው።

ሦስተኛው የእጇ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩይ። ጣሳውን ዘንበል ስታደርግ ሊጡ ከምጣዱ ዳር ይጀምርና ሳይቋረጥ እየዞረ ወደ መሃል ይገባል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ አንድ ዓይን ይከፈታል፣ ሌላም ይከተላል፣ ወዲያው ምጣዱ ሙሉ ዓይን ይሆናል። ወንድምሽ የናፈቀው ይህንን ነው፤ ከበሩ ላይ ደግሞ በጭራሽ አይታይም። ለዚህ ክሎዝ አፕ በጣትሽ ዙም አታድርጊ፣ ምስሉ ይበላሻል። በእግርሽ ቅረቢ። ግን ከምጣዱ አንድ ክንድ ያህል ራቂ፣ አለዚያ እንፋሎቱ ሌንሱን ያለብሰዋል። ከመጀመርሽ በፊትም ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ ጥረጊው። ማድ ቤት የዋለ ስልክ ላይ የቅባት ጣት አይጠፋም።

በአራተኛው ፊቷን ያዢ። እዚህ ደግሞ በጣም አትጠጊ። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ አፍንጫ ሥር ሲገባ ፊትን ያጣምማል። ሁለት እርምጃ ሸሽተሽ፣ ስልክሽ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ ሌላ ሌንስ ካለው በእሱ ያዢ። ብርሃንሽ በሩ ነው። በሩ ከጀርባዋ ከሆነ ፊቷ ይጠቁራል፣ ከጎኗ ከሆነ ግን የሚያምር ብርሃን ነው። ስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣትሽ ተጭነሽ ትንሽ ቆዪ። እሳቱ ቦግ ባለ ቁጥር ምስሉ እንዳይጠቁርና እንዳይነጣ ይቆለፍልሻል።

በአምስተኛው ከኋላዋ ሁኚና በትከሻዋ በኩል ምጣዱን አሳዪ። ያን ጊዜ የምናየው እሷ የምታየውን ነው። ከአምስቱ በኋላ ዓይንሽ ወደወደደው ሂጂ። ሰፌዱ፣ የተደራረበው እንጀራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ሲንጣጣ፣ በር ላይ የምትጠብቀው ድመት፣ ሁሉም ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ካሜራውን እንደ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ አታድርጊው። ያዢ፣ ቁጠሪ፣ አቁሚ፣ ተነሺ።

የያዝሻቸውን ሻቶች ስትቀጥዪ ደግሞ ከምን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አስቢ። ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ ፊልም ሠሪ የአንድ ተዋናይን ፊት ወሰደ። ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ነበር። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። ተመልካቹ አንዴ ርሃብ፣ አንዴ ኀዘን አየበት ይባላል። ፊቱ ግን ያው ነው። የእናትሽን ፊት ከእሳቱ ጋር ብትቀጥዪው ድካሟ ይታያል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የወንድምሽ ፎቶ ጋር ብትቀጥዪው ናፍቆቷ ይታያል። ሁለቱም እውነት ከሆነ ሁለቱንም አድርጊ። ያልተሰማትን ግን እንዳትቀጥዪባት።

እናትሽ «ቆይ፣ ልብሴን ልቀይር» ካለችሽ ተዪያት፣ ትቀይር። የቀረጽሽውንም እዚያው አሳዪያት። ፊቷ እንዲቀርብ ካልፈለገች እጇ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምልሽ ስለ አያቴ ነው። ደጀን አካባቢ ያደግሁት እሷ ጥጥ ስትፈትል እያየሁ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ካሜራ ተውሼ ሄድኩ። ለእኔ ያኔ ጥሩ ምስል ማለት ሁሉ ነገር የሚገባበት ምስል ነበር። ከግቢው በር ላይ ሆኜ ሙሉ ሰዓት ቀረጽኳት። ቤቱ አለ፣ ግራሩ አለ፣ ዶሮዎቹ አሉ። እሷ ነጭ ነጥብ ሆና አለች። እንዝርቱን ጭኗ ላይ እንዴት እንደምታሾር፣ ባዘቶው ከጣቶቿ መሃል ክር ሆኖ እንዴት እንደሚወጣ፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ የነበረው ስንጥቅ፣ አንዱም የለኝም። በዓመቱ አረፈች። ያንን ቪዲዮ አሁንም አንዳንዴ ከፍቼ አየዋለሁ። እጇን ለማየት አቀርበዋለሁ፣ ይበታተንብኛል።

በሚቀጥለው ስትሄጂ ማድ ቤቱ ውስጥ ግቢ፣ እህትአለም። ድምፁንም አትርሺ። ሊጡ የጋለ ምጣድ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው ድምፅ ብቻውን አገር ቤት ይመልሳል። አንድ ደቂቃ ማንም ሳያወራ ያዢው።

ጥያቄ፦ ሞጣ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። አባቴ ሲያርስ ከአራት ቦታ ቀረጽኩ። ስቀጥለው በሬዎቹ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ጓደኛዬ «ሁለት ገበሬ ነው እንዴ?» አለኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድምአለም፣ ትልሙን ተሻግረሃል። በሬዎቹ በሚሄዱበት መስመር ላይ ገመድ ተዘርግቷል ብለህ አስብ። ከገመዱ በአንደኛው በኩል እስከሆንክ ድረስ ብትቀርብ፣ ብትርቅ፣ ብትንበረከክ ግድ የለም። ሁሌም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዱልሃል። ገመዱን ተሻግረህ ከወዲያ ማዶ ስትቀርጽ ግን ይገለበጣሉ። በሙያው 180 ዲግሪ የሚባለው ሕግ ይህ ነው።

የእርሻ ችግሩ አባትህ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ አቅጣጫው በእርግጥም መለወጡ ነው። ስለዚህ መታጠፉን አሳየን። እርፉን ከፍ ሲያደርግ፣ ቦራን በስሙ ሲጠራ፣ ቀንበሩ ሲዞር ካየን በኋላ በሬዎቹ ወደ ግራ ቢሄዱ ማንም ግር አይለውም። እኔ በበኩሌ ከእርሻ ሁሉ የምወደው ይህችን መታጠፊያ ነው። አባትህ ከበሬዎቹ ጋር የሚነጋገረው እዚያ ነው።

የቀረጽከውንም አትጣለው። አቅጣጫው በሚገለበጥበት ቦታ መሃል ላይ ማረሻው አፈሩን ሲሰነጥቅ ወይም የአባትህን እግር በቅርብ አስገባ። ዓይን እዚያ ትንሽ ካረፈ በኋላ ለውጡ አይቆረቁረውም። ከፊት ለፊት የምትይዘውም ይረዳሃል። ብቻ በሬዎቹን እንዳታስደነግጣቸው ከትልሙ ወጣ ብለህ ቁም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ማታ ማታ ባለቤቴ ቡና ስታፈላ እቀርጻለሁ። ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይመላለሳል። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ስልክዎ ደኅና ነው። አምፖሉ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ፣ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አይለየውም፣ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ስልክ ግን አንዳንዴ ይይዘዋል። ወደ 25 ይቀይሩት። አይፎን ከሆነ በካሜራው ሴቲንግ፣ ሪከርድ ቪዲዮ ውስጥ ፓል የሚለውን ሲያበሩ 25 ይመጣልዎታል፤ እሱን ይምረጡ። በሌላ ስልክ ፕሮ የሚል ክፍል ካለ ሹተሩን፣ ማለትም ለአንድ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ያድርጉት።

ይህ ካስቸገረዎት ቡናው በቀን ይፈላ። 10 ሰዓት ላይ ረከቦቱን ወደ መስኮቱ ጠጋ ያድርጉት። አቦሉን ራቅ ብለው ከነቄጠማው ይያዙ። ቶናው ከጀበናው ሲወርድ ስኒው አፍ ላይ ይሁኑ። በረካው ላይ ስልኩን ወደ ባለቤትዎ ፊት ያዙሩት፤ ያን ጊዜ ሥራው አልቆ፣ አረፍ ብለው ጨዋታ ይጀምራሉ።