ጥያቄና መልስ፦ ስም አለው፣ ወረቀት የለውም

በዚህ ዕትም የመለስናቸው አራት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ጎዳና ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ብዙዎቻችሁ በተለያየ መልክ የጠየቃችሁት እሱን ነውና።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ሱቅ አለኝ። አንድ ልጅ በረንዳዬ ላይ ማደር ከጀመረ 5 ወሩ ነው። 11 ወይም 12 ዓመት ይሆነዋል፤ «ከሶዶ ነኝ» ይላል። ቀን ሊስትሮ ይሠራል፤ ትልልቆቹ ሌሊት እንዳይቀሙት ያገኘውን ማታ እኔ ጋ ያስቀምጣል። ትምህርት ቤት ላስገባው ስሄድ የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቅሁ፤ ወረዳ ስሄድ ደግሞ «ወላጆቹን አምጣ» ተባልኩ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በእጅዎ ያለው የመጀመሪያው ማስረጃ ልጁ የሚያስታውሰው ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ይጠፋል። ጎዳና ላይ የቆየ ልጅ የቀበሌውን ስም ከጓደኛው ቀበሌ ጋር ያምታታል፤ አንዳንዴም የወጣለትን የጎዳና ስም ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ይግዙና የሚናገረውን ከነቀኑ ይመዝግቡ። ሁሉንም በአንድ ማታ ጠይቄ ልጨርስ አይበሉ። እንደ መርማሪ የጠየቁት ልጅ በማግስቱ ሌላ በረንዳ ይፈልጋል። ማታ ሳንቲሙን አብራችሁ ስትቆጥሩ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ያስቀመጠውን ገንዘብም እዚያው ደብተር ላይ እያየ ይጻፉለት፤ ሒሳቡ ከተጣራ ወሬው ራሱ ይመጣል።

«ከሶዶ ነኝ» ማለቱን እንደ አድራሻ አይውሰዱት። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት መኪና የተሳፈሩበትን ከተማ ነው። ቤቱ በአረካ ወይም በቦዲቲ በኩል፣ ከአስፋልት ርቆ የሚገኝ የገጠር ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ቀበሌው ከጠፋው ዙሪያውን ይጠይቁት፦ እናትህ ገበያ የምትወጣው በምን ቀን ነው? ገበያው ማን ይባላል? የምትሄዱበት ቤተ ክርስቲያንስ? ተምረህ ከነበረ አስተማሪህ ማን ነበር? የገበያው ቀንና የቤተ ክርስቲያኑ ስም ከተገኘ አገሩን የሚያውቅ ሰው ቀበሌውን ለመለየት አይቸገርም። አማርኛው ገና ከሆነ ወላይትኛ የሚችል፣ ልጁ የማይፈራው ሰው ይፈልጉ። ስሙን እስከ አያት ይጻፉ። ቤት የሚጠራበትና እዚህ የሚጠራበት ስም ከተለያዩ ሁለቱም ይግቡ። «አባቴ» የሚለው የእንጀራ አባቱ እንዳይሆንም በዘዴ ያጣሩ፤ ወረቀቱ ላይ የሚገባው የወላጅ አባት ስም ነው።

ለምን እንደወጣ መጨረሻ ላይ ይጠይቁ። ቤተሰብ እያወቀ ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ ዱላ ሸሽቶ የጠፋ፣ «አስተምርሃለሁ» ተብሎ መጥቶ ሥራ ላይ የተጣለ፣ ሦስቱም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ለምሳሌ ከጋሞ በኩል መጥተው ሽሮ ሜዳ ሽመና ቤት ገብተው፣ ከዚያ ያመለጡ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለው ልጅ «አዲስ አበባ ዘመድ አለኝ» ካለ ዘመዱ ያሠራው ሰውዬ ሊሆን ይችላልና ተቸኩሎ ስልክ አይደወልም። የልጁን ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ለጥፎ «ቤተሰብ አፋልጉን» ማለትም በዚሁ ምክንያት አይመከርም። ልጁን የሚፈልገው እናቱ ብቻ አይደለችም።

ደብተሩ ትንሽ ሲሞላ፣ ቢበዛ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ጉዳዩን በቃል ነግረው አይመለሱ፤ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ የገቢ መዝገብ ቁጥርና ቀኑን ይያዙ። በቃል የተነገረ ጉዳይ ባለሙያው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ይህ ደብዳቤ ሦስት ነገር ይሠራልዎታል። ጽሕፈት ቤቱ ለትውልድ ወረዳው ጽፎ ቤተሰብ እንዲፈለግ ያደርጋል። ለትምህርት ቤቱና ለልደት ምዝገባው መነሻ ይሆናል። የማይዛመዱትን ልጅ ለምን እንደያዙ ቢጠየቁም መልስዎ እሱ ነው።

አሁን ወደ «ወላጆቹን አምጣ» እንምጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ (ቁጥር 760/2004፣ በ1049/2009 የተሻሻለው) ልደትን የማስመዝገብ ግዴታን በቅድሚያ ለወላጆች ይሰጣል። ወላጅ ከሌለ ለአሳዳሪ፣ እሱም ከሌለ ልጁን ለሚጠብቀው ሰው ያልፋል። ስለዚህ ወላጅ የሌለው ልጅ አይመዘገብም ማለት አይደለም። ሆኖም ወላጆቹ በሕይወት ካሉ ቀናው መንገድ ወደ እነሱ የሚወስደው ነው፤ ልደት የሚመዘገበው በወላጆች መደበኛ መኖሪያ ነውና። በገጠር መዝጋቢው እዚያው ቀበሌው ውስጥ ነው፣ ልጁን የሚያውቁ ምስክሮችም ጎረቤት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ወራት የሚፈጅ ጉዳይ እዚያ ሊቀልል ይችላል። ቤተሰቡ በፍጹም ካልተገኘ በማኅበራዊ ጉዳይና በፖሊስ ማስረጃ፣ እንደ ሁኔታውም በፍርድ ቤት በተሾመ አሳዳሪ በኩል ይኬዳል።

አንድ አቋራጭ ግን አለ፤ አይሂዱበት። ርኅሩኅ ሰዎች «የእኔ ልጅ ነው» ብለው በራሳቸው ስም ያስመዘግባሉ። ይህ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ ያስጠይቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ልጁ በእውነተኛ ስሙ ሲፈለግ እንዳይገኝ ያደርገዋል። በሕግ ልጅ ማድረግ ከፈለጉ ጉዲፈቻ አለ፤ በፍርድ ቤት ይጸድቃል።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ ከመዝጋቢው ጋር ከመጨቃጨቅ የማኅበራዊ ጉዳዩን ደብዳቤ ይዘው ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ የልደት ወረቀቱ በሂደት ላይ እንደሆነና ሲደርስ እንደሚያቀርቡ በጽሑፍ ቃል ይግቡ። በሐምሌና በነሐሴ ይቅደሙ፤ መስከረም ላይ ክፍሉ ሞልቶ ሊጠብቅዎ ይችላል። ምዝገባው ላይ የሚጻፈው ስም ከደብተርዎ ጋር አንድ ይሁን፤ «ሀይሌ» እና «ኃይሌ» እንኳ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ራስ ያዞራሉ።

ከክፍል ምደባው በፊት አንድ አጭር አንቀጽ አስነብበው መደመርና መቀነስ ይሞክሩት። ፊደል ያልቆጠረ የ12 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጠ የሚያባርረው ድህነት ሳይሆን እፍረት ነው። በአካባቢው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ካለ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለው በ3 ዓመት ያልቃል። የመጀመሪያዎቹን 3 ክፍሎች በ10 ወር የሚሸፍኑ የተፋጠኑ ትምህርቶችም በአንዳንድ ቦታ አሉ፤ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ስለሚያበሉ ልጁን እስከ ቀትር የሚያቆየው እሱ ነው። ዩኒፎርሙንና ደብተሩን እርስዎ ጋ ያኑሩ፤ በረንዳ ላይ አንድ ሳምንት አይሰነብቱም። ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ከሆነ ደግሞ መምህሩ ከመቅጣቱ በፊት ሌሊት የት እንዳደረ ይጠየቅ። ብርድና ፍርሃት ያላስተኛው ልጅ ነው። «ሱቄ ውስጥ ልቅጠረው» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በየእሑዱ ስታዲየም አካባቢ ላሉ ልጆች ዳቦና 50፣ 50 ብር እናድላለን። ባለፈው ሳምንት ግን ገንዘቡ ላይ ተደባደቡ። ምን እናስተካክል?

መልስ፦ ብሩን አቁሙ። ትንሹ ልጅ እጅ ላይ የገባ ብር ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ከትልቁ ጋር ያድራል፤ ከፊሉ ማስቲሽ ይሆናል። ማስቲሽ የሚስቡት ለደስታ ብቻ አይደለም፤ ረኃብንና ብርድን ያስረሳል። ስለዚህ የሞቀ ምግብ ከምክር ይሻላል። ቡሌ (የምግብ ቤት ትራፊ) ገዝቶ የሚበላ ልጅ የእናንተን ዳቦ በኪሱ ይዞ ሊሸጠው ይችላል፤ እዚያው ተቀምጦ የሚበላ ነገር አቅርቡ። ከተቻለ ከአንድ ምግብ ቤት ጋር ተነጋግራችሁ በኩፖን አብሉ። ተስፋ ድርጅት ለብዙ ዓመታት ኩፖኑን ለሕዝብ እየሸጠ የተራበ ሰው ገብቶ እንዲበላ ሲያደርግ ኖሯል፤ አሠራሩን ከእነሱ መማር ትችላላችሁ። በየሳምንቱ ቦታና ሰዓት አትቀያይሩ፣ ሁለታችሁ ቋሚ ሁኑ። ልጆቹ የሚያውቁት ፊት ሲኖር ቁስሉን የሚያሳያችሁ፣ «አገሬ መሄድ እፈልጋለሁ» የሚላችሁ ይመጣል። ያን ቀን ወዴት እንደምትወስዱት ካሁኑ እወቁ። በጠና የታመመ ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ላስቲክ ቤት ውስጥ የምትኖር አንዲት የ19 ዓመት እናት አውቃለሁ። ልጇ 4 ወሩ ነው። ለማስመዝገብ ስትሄድ «አባቱ ይምጣ፣ መታወቂያሽንም አምጪ» ብለው መለሷት። አባቱ ጠፍቷል። መታወቂያም የላትም።

መልስ፦ እናት ብቻዋን ልጇን ማስመዝገብ ትችላለች። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ 4 ወር በመሆኑ ምዝገባው እንደ ዘገየ ይቆጠራል እንጂ አይቀርም። ዓመት ሳይሞላው ይፍጠኑ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ማስረጃ ይከብዳል።

የት ነው የወለደችው? ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከሆነ የካርድ ቁጥሯን ይዛችሁ ሄዳችሁ የልደት ማሳወቂያ አስወጡ። ካርዱ ጠፍቶባት ከሆነ የወለደችበትን ቀን ይዛችሁ በማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ይፈለግላችሁ። የክትባት ካርዱንም አትርሱ። በ45 ቀን፣ በ2 ወር ከ15 ቀንና በ3 ወር ከ15 ቀን የተሰጡት ክትባቶች ከተመዘገቡ የልጁን የልደት ቀንና የእናቱን ስም በአንድ ላይ የያዘ ጥሩ ወረቀት ነው። ካልተከተበ ነገ ይከተብ፤ ካርዱም ክትባቱም ያስፈልጉታል። መኖሪያን በተመለከተ፣ መደበኛ መኖሪያ ካልታወቀ ምዝገባው ኩነቱ (ልደቱ) በተፈጸመበት ቦታ ይካሄዳል፤ «መኖሪያ የለሽም» የሚል መልስ አያስኬድም። ከማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዛ ትመለስ፤ እርስዎም አብረዋት ይግቡ። ብቻዋን ስትሄድ የሚመልሷት ሰዎች አጠገቧ ሰው ሲቆም አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

የአባት ቦታ ላይ ፈጽሞ የፈጠራ ስም እንዳትሰጥ። ያኔ ምዝገባው በቶሎ ያልቅ ይሆናል፤ ኋላ ግን ለማረም ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ለእሷ ለራሷ ደግሞ ፋይዳን (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያውን) ይሞክሩ፤ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ፋይዳ ግን የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት አይተካም፣ የዜግነት ማስረጃም አይደለም።

ጥያቄ፦ የማውቀው ሊስትሮ ልጅ ሞባይል ሰርቀሃል ተብሎ ታስሯል። 13 ዓመቱ ነው፤ ጣቢያው ግን «18 ነኝ ብሏል» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜው ላይ ይቁሙ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይከተላል። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ከአዋቂ ጋር አይታሰርም፣ የአዋቂም ቅጣት አይፈረድበትም፤ ተግሣጽ፣ ክትትልና ትምህርት የመሳሰሉ እርምጃዎች ናቸው የሚወሰዱት። ፖሊስም እንዲህ ያለውን ልጅ ወዲያውኑ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ልጆች «18» የሚሉት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ «እንዲህ በል፣ ቶሎ ትለቀቃለህ» ስላሏቸው ነው።

ዛሬውኑ ጣቢያው ሄደው የጣቢያውን ኃላፊና የሕፃናት ጉዳይ መርማሪውን ያነጋግሩ፤ ዕድሜው አከራካሪ መሆኑ በምርመራ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ከዚያም የዕድሜ ምርመራ እንዲታዘዝ ያመልክቱ። ሐኪሞች በአብዛኛው የግራ እጅን አንጓ በራጅ ያዩታል፤ ውጤቱ ግን ግምት ነው፣ አንድና ሁለት ዓመት ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል። ስለዚህ በራጅ ብቻ አይተማመኑ። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ አገሩ ያለ ሰው፣ ማኅበራዊ ጉዳይ የከፈተው ፋይል፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ የነገርናቸው ዓይነት ደብተር ካለ እሱም ይቅረብ። ችሎት ላይ የልጅ ጉዳይ ለብቻው እንዲታይ፣ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃም እንዲቆምለት ይጠይቁ። ሲጠይቁት ሊስትሮ ዕቃውንም ያስታውሱ፤ ሳጥኑ ጣቢያው ግቢ ከቀረ ሲፈታ የሚበላው ስለማይኖረው የተያዘበት ዕቃ ዝርዝር ላይ መመዝገቡን ያረጋግጡ።