ቦይለር፣ ፈጣኗ ማሞቂያ ወይስ ሶላር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነው የምንኖረው፤ አዲስ ቤት ገብተናል፣ ከነልጆቹ አምስት ነን። እስካሁን የምንታጠበው በድስት እያሞቅን ነው። ባለቤቴ ሻወሩ ላይ የምትገጠመውን ትንሿን እንግዛ ይላል፤ ርካሽ ናት ብሎ። ወንድሜ ደግሞ ሶላር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እኔ ቦይለር ነው ያሰብኩት። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ የራስሽን ስሚ።

ትንሿ ዋጋዋ ደስ ይላል። ችግሩ ውኃው እያለፈ እዚያው በዚያው ማሞቅ ስላለባት ብዙ ኃይል ትስባለች፤ 5.5 ኪሎዋት የሆነችው በ220 ቮልት 25 አምፔር ትወስዳለች፣ ለብቻዋ ወፍራም ገመድና ብሬከር ካልተዘረጋላት አይሆንም። ምጣድሽም ቀላል በላተኛ አይደለም። አንቺ እንጀራ እየጋገርሽ እሱ ሻወር ከገባ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ያውም ሳሙናው ፊቱ ላይ እያለ። ደግሞ ማርቆስ ከባሕር ዳር 600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውኃችሁ ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው። ባሕር ዳር በደንብ የምታሞቀው ማሞቂያ እናንተ ጋ በሐምሌ ለብ ብታደርግ ነው።

ሶላር ጥሩ ነው፣ በበጋ ወንድምሽ አልተሳሳተም። ግን ክረምቱን ሰማዩ ደፍኖ ይከርማል፤ ያኔ በመብራት የሚያግዝ ከሌለው ድስቱ ይመለሳል። በዚያ ላይ ፓምፕ ለሌለው ቤት ሮቶው ከሶላሩ ጋን ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ጣሪያችሁ ይህን ይችላል?

ለአምስት ሰው 80 ሊትር ቦይለር ውሰጂ። 1.5 ኪሎዋት ከሆነ 15 ዲግሪ የነበረውን ውኃ 55 ለማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ቆጣሪው ላይ 4 ኪሎዋት ሰዓት ቢሞላ ነው። ማታ አሙቀሽው ሌሊት መብራት ቢጠፋ እንኳ ጠዋት ሙቅ ውኃ አለሽ፤ ለእኔ ነገሩን የቆረጠው ይሄ ነው። ውኃ ሲሞላ ግን ከነጋኑ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላልና የጭቃ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅሉብሽ።

ኤርዝ (ኤሌክትሪክ ቢያፈተልክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) የሌለው ቤት ውስጥ ሦስቱንም አታስገጥሚ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ቦይለሩንም ውኃ ሳይሞላ እንዳትሰኪው። ሲሞቅ ከሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ ቢል አትደንግጪ፣ ግፊቱን እያስተነፈሰ ነው። ቧንቧ ሠሪው "ልድፈነው" ካለሽ እንቢ በይው።