መልስ፦ ፕሌይስቴሽን 4ን ልሽጠው ወይስ ላቆየው?

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብረ ብርሃን ያለው የቪዲዮ ጨዋታ ማሽንዎ ፕሌይስቴሽን 4 ገና ያገለግል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ አይሽጡት እላለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 እንኳ በደንብ በተያዘባቸው ቤቶች ዛሬም ይሠራል።

የከተማችን ብርድ ማሽኑን ይጠብቀዋል ብለው ግን አይዘናጉ። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንተነፍሰው አየር ስስ ስለሆነ ሙቀትን እንደ ቆላው አየር ተሸክሞ አያወጣም፤ በዚህ ላይ ማራገቢያው አቧራ ከያዘና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ከደረቀ፣ ማሽኑ መጮህ ይጀምራል፣ ቆይቶም በጨዋታ መሀል ይጠፋል። ስለዚህ አቧራውን በየጊዜው ያስጠርጉ፣ ቅባቱንም ያስቀይሩ። የእኔን ያቃጠለው የመብራት መዋዠቅ ነበርና ስታቢላይዘር (የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክል መሣሪያ) ሳይኖር አይሰኩት።

የሚጓጉለት ግራንድ ቴፍት ኦቶ 6 የተባለው ጨዋታ ከሆነ፣ ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ እንጂ ለፕሌይስቴሽን 4 እንደሚወጣ አልተነገረም፤ ጨዋታው እስኪወጣ ድረስ ገንዘብዎን ይያዙ።