ለፈረስ ግልቢያ ሰደርያ ለምትፈልጉ ልጆች

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ቤት መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እሷና ጓደኞቿ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ላይ ለእንግዳ ፈረስ ማስጋለብ ሊጀምሩ ነው። ፈረሶቹን ከዳንግላ በኩል አስመጥተዋል፣ ኮርቻም አሠርተዋል። «ጋሼ፣ ወደ ዘጌ የሚሄዱት ጀልባዎች ላይ ያለው ላይፍ ጃኬት ለፈረስስ አይሆንም? እሱም እኮ ስፖንጅ ነው» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ።

መጀመሪያ ለጥያቄዋ መልስ ልስጥ። አይሆንም። ላይፍ ጃኬት የተሠራው ሰው ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ነው። ስፖንጁ ከፈረስ ወድቆ ድንጋይ ላይ ለሚያርፍ ወይም ኮቴ ለሚረግጠው ሰው ታስቦ አልተፈተነም። ብዙዎቹ ከፊት ወፍራም ከኋላ ስስ ናቸው፣ ፈረሱ ሶምሶማ ሲረግጥ ደግሞ ሽቅብ እየተንሸራተቱ አገጭ ሥር ይገባሉ። የግልቢያ ሰደርያም፣ ማለትም ከፈረስ ለሚወድቅ ሰው ደረትና ጀርባ መከላከያ የሚሆነው ባለ ስፖንጅ ልብስ፣ በተራው ጣና ላይ አያድናችሁም። ሞተረኞችና የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያስ? እሱ ለመታየት ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ አይሱዙ በሚበርበት መንገድ ፈረስ የምትነዱ ከሆነ ከላይ ደርቡት፣ ከመውደቅ ግን አይመክትም።

የዕድሜዬን ብዙውን ክፍል የሠራሁት ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ዘመዶቼ አዊዎች ናቸው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ጀምሮ ከቤታችን ፈረሰኛ ጠፍቶ አያውቅም። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሰለፈውን ፈረስ ያየ ሰው፣ ፈረስ ለዚያ አገር ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

እና ያ የቆየ ነገር። ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነበር። እሑድ እሑድ በቤዛዊት በኩል ፈረስ ይጋልባል። ወደ አገሩ ሲመለስ የግልቢያ ሰደርያውን ሰጠኝ። ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ውስጧ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተቆራረጠ ጠንካራ ስፖንጅ አለ፣ ከፊት ዚፕ፣ ትከሻና ጎን ላይ ተለጣፊ ማሰሪያ። እኔ በዚያ ጊዜ መጋለብ ትቼ ነበርና ለአክስቴ ልጅ ወሰድኩለት። ቀጭን ጎረምሳ ነው፣ በጉግስ ስሙ የታወቀ። ሐኪሙ ደግሞ ረጅምና ደንዳና ሰው ነበር።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። አክስቴ ልብሱን ስታይ «ይኼ ደግሞ የምን ጥሩር ነው? ልጄ ዓድዋ ሊዘምት ነው?» አለች፣ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ልጁ አላሳፈረኝም፣ ለበሰና ወጣ። የአገራችንን ኮርቻ ታውቁታላችሁ፤ ከኋላ ቀና ያለ መደገፊያ አለው። ልጁ ሲቀመጥ የሰደርያው የታችኛው ጠርዝ መደገፊያው ላይ አረፈና ልብሱ እንዳለ ወደ ላይ ተገፋ። የኋላው ማጅራቱን ይመታዋል፣ የፊቱ አገጩን ያነሳዋል። አንገቱን ማዞር አቃተው። ጉግስ ደግሞ ዘወር ብሎ ከኋላ የሚመጣውን ዘንግ በጋሻ መመከት ነው፤ አንገቱ የማይዞር ሰው ምን ይጫወታል? አንድ ሁለቴ ደርሶ መለስ አለ፣ ከዚያ ወደ አጥሩ መጥቶ አወለቀውና እሾሁ ላይ ሰቀለው። ላቡ በጀርባው ይወርዳል። እኔ እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ። «ሞቀኝ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሞቃል።

ከቀትር በኋላ ፈረሱ ሽምጥ እየጋለበ ሳለ አንድ ጉድባ ላይ ተሰናከለ። ልጁ በግራ ጎኑ ወደቀ፣ ተከትሎት የነበረው ፈረስም በላዩ አለፈ። እልልታው ለአፍታ ጸጥ አለ። ልጁ ግን ብድግ ብሎ አቧራውን አራገፈ፣ ስቆ ተመልሶ ኮርቻ ላይ ወጣ። እልልታው እንደገና ቀለጠ።

ማታ እናቱ ቤት ጠላ ቀርቦ አልጠጣም፣ እንጀራም አልበላም። ግራ ትከሻዬን አመመኝ አለ። ወጌሻ ተጠራ፤ ትከሻውን በቅቤ አሸው፣ ዳሰሰው፣ ስብራትም ውልቃትም አጣበት። ልክ ነበር፣ ትከሻው ምንም አልሆነም። በግራ በኩል ከታችኛዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ጣፊያ አለች። ስትቀደድ ደም ቀስ እያለ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ደሙ ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል። ይህን ሁላችሁም ያዙልኝ። ከፈረስ ወድቆ፣ ትከሻውን ሳይመታ ግራ ትከሻዬን ያለ ሰው ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሌሊት ላይ ልጁ ገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ አላበው። ጎህ ሲቀድ እህል በጫነ መኪና ባሕር ዳር አደረስነው፣ ቀዶ ሐኪሙም ጣፊያውን አወጣ። ተረፈ። አሁን የልጆች አባት ነው፤ ጉግስ ግን ከዚያ ወዲህ አልተጫወተም፣ ሸክምም አይችልም።

ሰደርያዋን ለብሶ ቢሆን ጣፊያው ይተርፍ ነበር አልልም። ሙያዬ እንዲህ እንድል አይፈቅድልኝም። ሰደርያ የምት ኃይልን ይቀንሳል እንጂ ፈረስ ሙሉ ክብደቱን ካሳረፈበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። የሚቆጨኝ ሰደርያዋ ቤት ሳትቀር፣ እዚያው ሜዳው ላይ፣ አጥር ላይ ተሰቅላ ሳለ ልጁ መውደቁ ነው።

ስለዚህ ሰደርያ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ልኩን ተመልከቱ። ከምልክቱም፣ ከዋጋውም፣ ከቀለሙም በፊት። ለብሳችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ አንዳንዱ ስፖንጅ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ከዚያ በእናንተው ኮርቻ ላይ ቁጭ በሉ። ሱቅ ወንበር ላይ የተለካ ልብስ ምንም አይነግራችሁም። ከፊት የላይኛው ጠርዝ ከጉሮሮ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ይድረስ፣ የታችኛው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ትንሽ ይውረድ። ከኋላ ከማጅራት ሥር ጎላ ብሎ የሚዳሰሰውን አጥንት ይሸፍን፤ ከታች በኩል ግን በሰደርያውና በኮርቻው መቀመጫ መካከል የእጅ መዳፍ ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። የአገራችን ኮርቻ ከኋላ ከፍ ስለሚል ጀርባው አጠር ያለውን ምረጡ፤ ለውጭ ኮርቻ የተለካው እኛ ዘንድ ሁልጊዜ አይሠራም። ከዚያ ጎንበስ በሉ፣ እጃችሁን ዘርጉ፣ ዘወር ብላችሁ የፈረሱን ጭራ እዩ። ማሰሪያው ጠበቅ ይበል፣ ትንፋሽ ግን አያሳጥር።

ምልክቱ ማለት ሰደርያው የተፈተነበት የጥራት መለኪያ ስም ነው፤ የአውሮፓው ኢኤን 13158 (EN 13158) ይባላል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። ሦስት ደረጃ አለው፣ ለተራ ጋላቢ የሚመከረው ደረጃ 3 ነው። ደረጃ 1 ቀላል ነው፣ ክብደት ለሚቆጥሩ የውድድር ጋላቢዎች የሚሆን። የአሜሪካው ደግሞ ኤኤስቲኤም ኤፍ1937 ነው። ከእነዚህ አንዱ ውስጡ ካልተሰፋበት፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል፣ የግልቢያ ሰደርያ ብላችሁ አትግዙት።

ሰው የለበሰውን አትግዙ። ስፖንጁ በዓመታት ውስጥ አቅሙን ያጣል፤ አምራቾች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ቀይሩት ይላሉ። ከባድ መውደቅ ያየውን ደግሞ ከውጭ አይታችሁ አታውቁትም። በጣታችሁ ዳስሱት፤ ተጎድጉዶ የቀረ ቦታ ካለው አበቃለት። (የሰጠሁትም ያገለገለ ነበር፣ ስጦታ ነው ብዬ አንድም ነገር አልጠየቅሁም። በነፃ ሲሆን ሰው ምርጫ የለውም የሚል ይኖራል። ከምንም ይሻላል ልላችሁም አሰብኩ፤ ግን አልላችሁም። ልክ ከሆነ ይሻል ይሆናል።)

አሁን ደግሞ በአየር የሚነፋ ሰደርያ መጥቷል። ገመዱ ኮርቻው ላይ ይታሰራል፤ ጋላቢው ከፈረሱ ሲለያይ ገመዱ ይሳብና የታመቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በቅጽበት ይነፋዋል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ገመዱን ሳይፈቱ በሰላም የሚወርዱ ብዙ ናቸው፤ ያን ጊዜ ሰደርያው ድንገት ይነፋና በድምፁ የማያውቀው ፈረስ ይደነብራል። ከተነፋ በኋላም አዲስ የጋዝ ጣሳ ይፈልጋል፣ ባሕር ዳር ላይ ከየት ታመጣላችሁ? ለጀማሪ ቡድን ስፖንጁ ይበቃል።

ከሰደርያ በፊት ግን ሄልሜት። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፣ ይህን ያልገባው ሰው ፈረስ ላይ ባይወጣ ይሻላል። አንገትንም ሰደርያ አይጠብቅም። ዝነኛው አሜሪካዊ ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ውስጥ ከፈረስ ሲወድቅ ሄልሜትም መከላከያ ሰደርያም አድርጎ ነበር። የተሰበረው አንገቱ ነው።

ስለ መውደቅ ካነሣን፣ አባቶቻችን በባዶ እግር ሲጋልቡ እርካቡ ውስጥ የሚገባው አውራ ጣት ነበር። ሰው ሲወድቅ ጣቱ ሾልኮ ይወጣል። የዛሬ ልጆች ስኒከር ታደርጉና መላ እግራችሁን ብረት እርካብ ውስጥ ትሞጅራላችሁ፤ በአንድ እጅ ዛብ፣ በሌላው ስልክ ይዛችሁ ለቲክቶክ ትቀርጻላችሁ። ፈረሱ ሲደነብር እግር ይያዛል፣ ሰውም ይጎተታል። ተረከዝ ያላትና ሶሏ ልሙጥ የሆነች ጫማ አድርጉ፣ ስልኩን ለጓደኛ ስጡ። እናንተን መውቀስ ለእኔም ቀላል ነው እንጂ የእኛ ዘመን ጎረምሳ ጎድኑ ተሰብሮ ይስቅ ነበር። እናንተ ቢያንስ አመመኝ ትላላችሁ፣ ትጠይቃላችሁም። ላይፍ ጃኬት ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅም ጥያቄ ነው።

ሥራውን ከጀመራችሁ አንድ ሰደርያ ለሁሉም እንግዳ አይበቃም። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ያዙ፣ የልጆቹ ለብቻ ይሁን። «ያድግበታል» ብሎ ለልጅ ሰፊ መግዛት ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሠራል፣ ለዚህ አይሠራም። ልኩ የሌለውን እንግዳ ፈረሱን እየጎተታችሁ በእርምጃ አዙሩት፣ አታስጋልቡት። ላብ ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፣ ጥላ ቦታ ዘርግታችሁ አስቀምጡት። የባሕር ዳር የሚያዝያ ፀሐይ የገባበት መኪና ውስጥ ከዋለ ስፖንጁ ይጎዳል።

እኔ እስከማውቀው እዚህ ከተማ ሱቅ ላይ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስላክ ሊኖርባችሁ ነው። ስትልኩት «ሚዲየም» ብላችሁ አትጻፉለት፣ የየድርጅቱ ሚዲየም ይለያያል። የምትጋልቡበትን ልብስ ለብሳችሁ የደረታችሁን ዙሪያ፣ የወገባችሁን ዙሪያ፣ እንዲሁም ከፊት ወገብ ተነሥቶ በትከሻ ላይ አልፎ ከኋላ ወገብ የሚደርሰውን በሴንቲሜትር ለኩና ከድርጅቱ የልክ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያየው። በአየር የሚነፋውን ካልገዛሁላችሁ ብሎ ድርቅ ካለ፣ የጋዝ ጣሳውን አየር መንገዱን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው ንገሩት።